የድሬዳዋ ቆጣሪዎችና የነዋሪው ጥርጣሬ

ድሬዳዋ ላይ ስለ መብራት የሚነሳ ወሬ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ «ጠፋ» ወይም «በዛ»። የሚጠፋው መብራቱ ነው፤ የሚበዛው ቢሉ። በሁለቱ መካከል አቧራ የጠጣች ሣጥን ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ወሩን ሙሉ ዞር ብሎ የሚያያት የለም፤ ቢል ሲመጣ ግን እርግማኑን ሁሉ የምትቀበለው እሷ ናት።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በዲስክ የሚሽከረከሩትን ነባር ቆጣሪዎች በዲጂታል፣ በካርድ በሚሞሉና ከርቀት በሚነበቡ ስማርት ቆጣሪዎች ሲተካ ዓመታት አልፈዋል። ቆጣሪ መቀየር ለአንድ ቴክኒሺያን ረጅም ሥራ አይደለም፤ ዋናውን መስመር ማጥፋት፣ አራት ሽቦ መፍታት፣ አራት ሽቦ ማሰር ነው። የሚከብደው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ነዋሪው «ይኼ አዲሱ ይሮጣል» ብሎ ሲነሳ ምን መልስ ይሰጠዋል? «ግንዛቤ ማስጨበጫ» የሚባለው ሥራ ብዙ ጊዜ ባነር መስቀልና በራሪ ወረቀት መበተን ሆኖ ይቀራል። ድሬዳዋ ደግሞ በባነር የምትታለል ከተማ አይደለችም።

ነባሩ ቆጣሪ የተናቀ ዕቃ እንዳይመስል፤ የምህንድስና ሥራው የሚደነቅ ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ማግኔቶች አንዲት ቀጭን የአሉሚኒየም ዲስክ መካከላቸው አድርገው ያሽከረክሯታል፤ ቋሚ ማግኔት ደግሞ ፍሬን ሆኖ ይይዛታል። ኃይል በበዛ ቁጥር ዲስኳ ትፈጥናለች፣ ዙሩም በጥርሶች አማካይነት ወደ ቁጥር ይለወጣል። የሀንጋሪው መሐንዲስ ኦቶ ብላቲ ይህን ዓይነት ቆጣሪ ቡዳፔስት በሚገኘው የጋንዝ ፋብሪካ ሠርቶ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። የባቡሩ ሐዲድ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ደርሶ ድሬዳዋን የቆረቆራት እ.ኤ.አ. በ1902 ስለሆነ፣ ቴክኖሎጂው ከከተማዋ በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጣል።

የዲስኩ ጠላት ግጭትና አቧራ ነው። በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ካሉት ቤቶች ይልቅ በገንደ ቆሬ ወይም በአዲስ ከተማ ሰፈር ፀሐይና ንፋስ ፊት ለፊት የሚያገኘው ቆጣሪ ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሽፋኑ ተሰንጥቆ የደቻቱ ደቃቅ አሸዋ የገባበት፣ ዲስኩ የተቀመጠባት ጫፍ የተበላበት ቆጣሪ ቀስ ይላል፤ በተለይ አንድ ሁለት አምፖል ብቻ በሚበራበት ሰዓት ጨርሶ ሊቆም ይችላል። የፍሬኑ ማግኔት ሲደክም ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ ዲስኩ ከልኩ ይፈጥናል። ሁለቱም ያጋጥማሉ። ዕድሜ ብዙውን ጊዜ የሚያደላው ግን ወደ መዘግየቱ ነው።

እንግዲህ በቅስቀሳው ሁሉ የማይነገረው ነገር እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ቆጣሪ ቀስ ይል ከነበረ፣ አዲሱ ሲገባ ቢሉ ይጨምራል። ቤተሰቡ አንዲት አምፖል ሳይጨምር፣ ፍሪጁ ያው፣ ቬንትሌተሩም ያው ሆኖ ማለት ነው። ለዓመታት ሳይቆጠር ያለፈው መቆጠር ጀመረ እንጂ ማንም አልዘረፈም። ይህን አስቀድሞ ፊት ለፊት ለመናገር የተቋሙ ሰዎች የሚያመነቱት «ቆጣሪያችን ሲያጭበረብር ኖሯል» እንደማለት ስለሚሰማቸው ይመስላል። ሳይነገረው ከሁለት ወር በኋላ በራሱ ቢል ላይ ያየው ነዋሪ ግን «አታለሉኝ» ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረውን ማብራሪያ ማን ይሰማል? ድሬ «እርስዎ» እንኳ የማይበዛባት፣ ሁሉም «አንተ፣ አንቺ» ተባብሎ ገመናውን የሚያወራባት ከተማ ናት። ዙሪያ ጥምጥም ያለው ንግግር እዚያ ዋጋ የለውም።

ቆጣሪ የሚያረጀው በመቁጠር ብቻም አይደለም። ብዙዎቹ ነባር ቆጣሪዎች ፊት ላይ 5(20) የሚል የአምፔር ምልክት ይታያል። ትርጉሙ ቆጣሪው የሚችለው ከፍተኛው ጭነት 20 አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት ሲባዛ 4.4 ኪሎዋት ይመጣል። ይህ ቆጣሪ ሲሰቀል ቤቱ ውስጥ የነበረው ምናልባት ሦስት አምፖል፣ አንድ ሬዲዮና አንድ ካውያ ነው። ዛሬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ምጣዱ ተሰክቶ ሳለ አንዱ የሻይ ውኃ ማፍያ ቢያስነሳ ቆጣሪው ከአቅሙ በላይ ገባ ማለት ነው። ከቆጣሪው ሥር ሽቦው የሚታሰርበት ቦታ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ፣ የተቃጠለ ነገር ሲሸት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ቆጣሪ ለውጥ ሲነገር የገቢ ጉዳይ ቀድሞ የእሳቱ ጉዳይ መከተሉ ቅደም ተከተሉን ያዛባዋል። በእናቶች ጆሮ የሚገባው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ወደ ንባቡ እንምጣ። በድህረ ክፍያ ቆጣሪ ላይ የሚነሳው አብዛኛው ጭቅጭቅ ከማሽኑ ሳይሆን ማሽኑ ከተነበበበት መንገድ የሚመነጭ ነው። ቆጣሪው ግቢ ውስጥ ነው፤ አንባቢው ሲመጣ በሩ ዝግ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ሱቁም ሰውም ስለሚከተት፣ ከሰዓት በኋላም የጫት በርጫው ስላለ፣ በር የሚከፈትለት አንባቢ ጥቂት ነው። በር ሳይከፈት ሲቀር ግምት ይመዘገባል። አንዳንዴም ቀይ ቀለም ያላትን የመጨረሻ ቁጥር፣ ነጥብ የምትለያትን ማለት ነው፣ ከሙሉ ቁጥሩ ጋር ቀላቅሎ መጻፍ አለ፤ ያኔ ንባቡ አሥር እጥፍ ሆኖ ብቅ ይላል።

ግምቱ ለምን እንደሚጎዳ በቁጥር ማየት ይሻላል። እንበል አንድ ቤት በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። ሁለት ወር ሳይነበብ ቀርቶ በየወሩ 40 እየተገመተ ይከፈላል። በሦስተኛው ወር አንባቢው ቆጣሪውን ሲያይ ያልተከፈለው ሁሉ ተጠራቅሞ 190 ይሆናል። በታኅሣሥ 2011 በጀመረው የአራት ዓመት የታሪፍ ማሻሻያ የመጨረሻ ደረጃ፣ ከ51 እስከ 100 ያለው የዋጋ እርከን በኪሎዋት ሰዓት 77 ሳንቲም ገደማ ሲሆን ከ101 እስከ 200 ያለው 1 ብር ከ62 ሳንቲም ነበር። ቤተሰቡ በኑሮው ያልደረሰበት እርከን ውስጥ በወረቀት ገባ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ያተረፈ የመሰለውን በሦስተኛው ወር ከነትርፉ ይመልሳል። በካርድ የሚሞላውም ሆነ ከርቀት የሚነበበው ቆጣሪ ለነዋሪው የሚሰጠው ዋናው ጥቅም ይህን ግምት ማስቀረቱ ነው። «ዘመናዊ ነው» ከሚለው ቃል ይልቅ ይኼ ስሌት በአንድ ገጽ ቢታተም የተሻለ ይሠራል።

ታሪፉ ራሱ ሌላው የጥርጣሬ ምንጭ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ የኖረው የመብራት ዋጋ በ2011 መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀመው ቤት በ27 ሳንቲሙ ቆይቶ ከ500 በላይ የሚጠቀመው በአራተኛው ዓመት ወደ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ማሻሻያ ወጥቷል። ስለዚህ በዚህ ዘመን ቆጣሪው የተቀየረለት ሰው በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ የዋጋ ለውጥም ያገኘዋል። ሁለቱን የሚለይለት ከሌለ ጭማሪው ሁሉ ለሣጥኗ ይሰጣል። ሦስተኛው የጭማሪ ምንጭ የድሬ ሙቀት ነው። 75 ዋት የሚስብ አንድ ቬንትሌተር በቀን 12 ሰዓት ቢዞር በወር 27 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ከሆኑ 54 ነው፤ በኅዳር 50 የማይሞላው ቤት በግንቦት ከመቶ ሊያልፍ ነው። 1.5 ኪሎዋት የሚስብ ኤሲ በቀን ስድስት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ ደግሞ በወር 270 ይደርሳል።

ይህ የቆጣሪ ለውጥ፣ የታሪፍና የሙቀት መደራረብ ድሬዳዋ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤከርስፊልድ የምትባል፣ በሙቀቷ የታወቀች ከተማ አለች። ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ለነዋሪዎቿ ስማርት ቆጣሪ ሰቅሎ ሳይውል ሳያድር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በጁላይ ወር የደረሰው ቢል ከተማዋን አናወጣት። ሰው አደባባይ ወጣ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የግዛቲቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ገለልተኛ አጥኚ ቀጠረ፤ ከ750 በላይ ስማርት ቆጣሪዎች ተፈተሹ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሪፖርት ቆጣሪዎቹ በትክክል ይቆጥራሉ አለ። ቢሉን ያናረው የዚያ ዓመት ሙቀትና በዚያው ሰሞን የተደረገው የታሪፍ ጭማሪ ከለውጡ ጋር መገጣጠማቸው ነበር። ነገር ግን ሪፖርቱ ኩባንያውንም ነፃ አላወጣውም፦ ለደንበኛው አስቀድሞ አላስረዳም፣ ቅሬታ ሲቀርብለትም እንደሚገባ አልሰማም ሲል ወቀሰው። ድሬዳዋ ያን መንገድ እንደገና እንድትሄደው የሚያስገድዳት ነገር የለም።

ከዚያ በላይ የሚያስተምረው ምናልባት ዴልሂ ነው። የህንዷ ዋና ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 የኤሌክትሪክ ሥርጭቱን ወደ ግል ስታዞር ወደ መስመር ከሚገባው ኃይል ግማሽ ያህሉ ገንዘብ ሆኖ አይመለስም ነበር። የዲስክ ቆጣሪዎች በኤሌክትሮኒክ ሲተኩ «ይሮጣሉ» የሚል ተቃውሞ ለዓመታት ቆየ። ከስብከት ይልቅ ቅሬታ ያለው ሰው ቆጣሪው እንዲፈተሽለት መጠየቅ መቻሉ ተቃውሞውን ለማብረድ ሳይረዳ አልቀረም። ዛሬ ብክነቱ ከአሥር በመቶ በታች ወርዷል።

«አዲስ ሁሉ ትክክል ነው» ማለትም አይቻልም። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ዘጠኝ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎችን ሲፈትሹ አምስቱ ከእውነተኛው ፍጆታ እጅግ የበለጠ አነበቡ፤ ከፍተኛው ስህተት 582 በመቶ ነበር። ይህ የታየው የብርሃን መጠን መቀነሻ የተገጠመላቸው የኤልኢዲ አምፖሎችን ይዞ በቤተ ሙከራ ውስጥ ነው እንጂ በየቤቱ የሚያጋጥም አይደለም። ቢሆንም ለነዋሪው «ማሽን አይሳሳትም» ከማለት «ከተጠራጠርክ እንዲህ አድርገህ ሞክረው» ማለት የበለጠ ያስከብራል።

ሙከራው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ ከሶኬት መንቀል፣ አምፖሉን ሁሉ ማጥፋት። የዲስክ ቆጣሪ ከሆነ ዲስኩ መቆም አለበት፤ ዲጂታል ከሆነ ብልጭ የምትለው ቀይ መብራት ማቆም አለባት። ካልቆሙ ወይ ቆጣሪው ታሟል፣ ወይ ከዚያ መስመር የሚስብ ሌላ ሰው አለ። ሁለተኛው ግምት ድሬ ግቢ ውስጥ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያጋጥም ነው። ቀጥሎ ዋቱ የታወቀ ነገር ለብቻው መሰካት ነው፤ ለምሳሌ 1000 ዋት የተጻፈበት ካውያ፣ ሙቀቱ ሳይቋረጥ። ቆጣሪው ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 600 ዙር ተብሎ ከተጻፈ፣ ዲስኩ ላይ ያለችው ጥቁር ምልክት በአንድ ደቂቃ አሥር ጊዜ ማለፍ አለባት። ዲጂታሉ ላይ 1600 ብልጭታ ከተጻፈ በደቂቃ 27 ገደማ መቆጠር አለበት። ካውያው ላይ የተጻፈው ዋት ግምታዊ ስለሆነ፣ የመስመሩ ቮልቴጅም ስለሚወርድ፣ አንድ ሁለት ዙር ቢጎድል ቆጣሪው ተበላሽቷል አይባልም። አምስት ዙር ከጎደለ ወይም ከበለጠ ግን ለቅሬታ በቂ ነው። ይህን ሙከራ በቀፊራ ገበያ መግቢያ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ አሮጌና አዲስ ቆጣሪ ጎን ለጎን አስሮ በአንድ ካውያ ማሳየት የስብሰባ አዳራሽ ከመከራየት ይረክሳል፤ ተመልካችም አይጠፋም።

ቆጣሪ በተነሳ ቁጥር የሚረሱት ደግሞ ቆጣሪ የሌላቸው ናቸው። በመጋላ በኩልም ሆነ በሌሎቹ ነባር ሰፈሮች በአንድ ግቢ አራትና አምስት አባወራ ይኖራል፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የቀሩት ከባለቤቱ ወይም ከመጀመሪያው ተከራይ ቀጥለው ይወስዳሉ። ሒሳቡ በአምፖል፣ በቴሌቪዥን፣ በፍሪጅ እየተቆጠረ ይከፈላል፤ ያለዚያም ለሁሉም እኩል ይካፈላል። በእርከን በሚጨምር ታሪፍ ይህ አሠራር ድሃውን ነው የሚጎዳው። ለብቻዋ ቢሆን ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በታች የምትጠቀም ባልቴት ከአራት ጎረቤት ጋር ተደምራ ከፍ ባለ እርከን ትከፍላለች። አሮጌውን የጋራ ቆጣሪ አውርዶ አዲስ የጋራ ቆጣሪ መስቀል ይህን ችግር በዲጂታል ማስቀጠል ብቻ ነው። የለውጡ ሥራ ግቢ ውስጥ ስንት አባወራ እንዳለ ሳይጠይቅ ካለፈ ትልቁ ዕድል አምልጦታል። ውል የሚይዘው ማን ነው፣ ተከራይ የራሱን ቆጣሪ ለመጠየቅ ምን ወረቀት ያቀርባል፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪስ? ቤት ለቤት የሚዞረው ባለሙያ እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ካልቻለ፣ ስለ ቴክኖሎጂው የሚያውቀው ሁሉ ብዙ አይጠቅመውም።

መልእክቱ በየትኛው ቋንቋ ይነገር የሚለውም ቀላል ጉዳይ አይደለም። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ገበያ ውስጥ በአንድ ትንፋሽ የሚነገሩባት ከተማ ናት። ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ በአማርኛ ብቻ እየለፈፉ መዞር ግማሹን ሰፈር መዝለል ነው። እድሩና አፎሻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ከሞንታርቦው የተሻለ ያዳርሳሉ፤ እዚያ የተነገረ ነገር ጥያቄ ይነሳበታል፣ መልስ የሌለውም ሰው ይታወቃል። ሌላው ደግሞ መስማት ነው። የ905 የጥሪ ማዕከል ስለ ቆጣሪ የሚደርሱትን ቅሬታዎች በሰፈር ለይቶ ቢያሳውቅ፣ የት ቅስቀሳ እንደሚያስፈልግ ያለ ጥናት ይታወቃል።

አንድ ተስፋ ግን አለመስጠት ይሻላል፤ አዲስ ቆጣሪ መብራት እንዳይጠፋ አያደርግም። የመጥፋቱ ምክንያት ከቆጣሪው በላይ ነው፤ የደከመ ትራንስፎርመር፣ ያረጀ መስመር፣ የተጨናነቀ ጣቢያ። ድሬዳዋ ባለ 38 ሜጋዋት የናፍጣ ማመንጫ የነበራትም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው፣ ለጅቡቲ ኃይል የሚወስደው ከፍተኛ መስመር የሚነሳባትም ከተማ ናት፤ እንዲያም ሆኖ በሰፈር ውስጥ አንድ ፊውዝ ሲወድቅ ያ ሁሉ አይረዳም። በርቀት የሚነበብ ቆጣሪ የትኛው ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ እንደተጫነ ለመሐንዲሱ ያሳየዋል። መፍትሔው ግን ገንዘብና ዕቃ ይጠይቃል። ለነዋሪው «ቆጣሪህ ሲቀየር መብራትህ አይቆራረጥም» የተባለበት ቅስቀሳ በመጀመሪያው ምሽት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ቆጣሪ በሚቀየርበት ቀን የሚሆነው ነገር ከቅስቀሳው ሁሉ ይበልጣል። የወረደው ቆጣሪ የመጨረሻ ንባብና የአዲሱ የመጀመሪያ ንባብ፣ ከሁለቱም የመለያ ቁጥር ጋር፣ በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ለቤቱ ሰው ሊሰጥ ይገባል፤ ፊርማ ይኑርበት። ወረቀት የለም ከተባለ በእጅ ስልክ ፎቶ ማንሳትን የሚከለክል የለም። ከስድስት ወር በኋላ «የድሮ ዕዳ አለብህ» ሲመጣ የሚከራከረው ያ ፎቶ ነው። ቀያሪ መስሎ መጥቶ ገንዘብ የሚቀበል አጭበርባሪም አይጠፋምና መታወቂያ መጠየቅ፣ ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አለመስጠት ያስፈልጋል። የቆጣሪውን ማኅተም ነዋሪው ራሱ ነክቶ ከተገኘ ደግሞ በኃይል ስርቆት እንደሚያስጠይቅ አብሮ መነገር አለበት፤ ብዙ ሰው ማኅተም የሚቆርጠው ለመስረቅ ሳይሆን «ምን ሆኖ ነው» ብሎ ለማየት ነው፤ ተቆጣጣሪው ግን ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አዲሱም ያረጃል። በመላው ዓለም 20 አሃዝ ቁጥር እየተሞላባቸው የሚሠሩ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪዎች ጊዜን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በደቂቃ እየቆጠሩ ነበር፤ ቆጠራው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2024 ላይ ሞላ። አስቀድመው ያልተስተካከሉት አዲስ የተገዛ ቁጥር መቀበል አቆሙ። በደቡብ አፍሪካ የመብራት ኩባንያው ኤስኮም ወራት ያስቆጠረ ቅስቀሳ አድርጎ እንኳ ቀኑ ሲደርስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቆጣሪ ሳይስተካከል ቀርቶ ነበር። ዲጂታል ቆጣሪ ሶፍትዌር አለው፣ ባትሪ አለው፣ ድሬ ፀሐይ ላይ ከዋለ የሚጠቁር ስክሪንም አለው። ቢያንስ የሚሰቀልበት ቦታ ጥላ እንዲሆን ማድረግ ወጪው አንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ ነው።

የሚቀረው የቀን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። ለውጡ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከተካሄደ አዲሱ ቆጣሪ ሥራ የሚጀምረው ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ በሚዞርበት ወር ነው፤ ቤከርስፊልድ የሆነውም ይኸው ነው። ጥቅምት ላይ የተሰቀለ ቆጣሪ ግን ሙቀቱ ከመምጣቱ በፊት አምስት ስድስት ቢል ያሳያል። ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ስለሚቀያየር በብር ማነጻጸር አያስኬድም፤ ነዋሪው የሚያወዳድረው በኪሎዋት ሰዓት መሆን አለበት፤ ያለፈው ዓመት ጥር ስንት ነበር፣ የዘንድሮው ጥር ስንት ሆነ። ይህ ቁጥር በየቢሉ ላይ ከብሩ በላይ በጉልህ ቢታተም፣ በቴሌብርም ሆነ በንግድ ባንክ ለሚከፍለው ሰው በስልክ መልእክት አብሮ ቢላክ፣ ጭማሪው ከቆጣሪው ይሁን ከታሪፉ ወይም ከሙቀቱ ነዋሪው ራሱ ይለየዋል።